መቶ በመቶ

ዘበኛው የተባረረው በአንድ ተማሪ ጥቆማ ነው። ተማሪው በዚህ እንቅልፍ አላጣም።

ትምህርት ቤቱ በኤምቢኤ ፕሮግራሙ ስሙ የገነነ ነበር። መጽሔቱ "ከሌሎች የሚለየን" በሚል ርዕስ ስር የሚሽከረከሩ ወንበሮችን፣ የመስታወት ግድግዳና ክራባታቸው ያነቃቸው መምህራንን ያሳያል። ከታች በደማቁ የተጻፈች አንዲት መስመር ነበረች፦ "ተመራቂዎቻችን በሙሉ በዘጠና ቀን ውስጥ ሥራ ይይዛሉ። መቶ በመቶ።"

ተማሪውን ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ያቺን መስመር ሦስት ጊዜ አስነበበችው። ከዚያ የስፌት መኪናዋን ሸጠች።

"እጅ አለኝ አይደል?" አለች፣ በመርፌ ቀዳዳ ክር እያሾለከች። "ሊቁ ሥራ ሲይዝ ይመልስልኛል።"

"በዘጠና ቀን ውስጥ፣ እትዬ።"

"ቃልህ ነው?"

"የኔ ብቻ? የትምህርት ቤቱም ቃል ነው እንጂ።"

በመጀመሪያው ቀን በር ላይ አስቁሞ መታወቂያ የጠየቀው ዘበኛ ገና ወጣት ነበር። ቆቡ አዲስ፣ ጫማው የተወለወለ። ከጠባቧ የጥበቃ ቤት ውስጥ፣ ከሚስማር ላይ፣ በሰማያዊ ሪባን የተንጠለጠለ ነገር ያብለጨልጫል። ተማሪው የመጋዘን ቁልፍ መስሎት አለፈ።

ክፍሉ ውስጥ ሠላሳ ሁለት ነበሩ። ሠላሳ አንዱ ሥራ ፈልገው አያውቁም፤ ከተወለዱ ጀምሮ ሥራው ራሱ በአባቶቻቸው ድርጅት ቁጭ ብሎ ይጠብቃቸዋል። ስለ ድህነት ቅነሳ ሲወያዩ እንባቸው ይመጣ ነበር። ተማሪው ከእህቱ ጋር ባንዲት ክፍል ስለሚኖር ማልቀሻ ጊዜ አልነበረውም። ሐሳቡ አንደኛ መውጣት ብቻ ነበር።

ዘበኛው አንድ አመል ነበረው። ከሰዓት በኋላ ገቢና ወጪው ሲቀንስ ከክፍሉ መስኮት ስር ይቆማል። የሚያስተምራቸው ዶክተር ጥያቄ ጠይቆ ክፍሉ ጸጥ ሲል፣ ውጭ የዘበኛው ከንፈር ይንቀሳቀሳል።

"ዕውቀት እንደ ጉንፋን ነው" ይሉ ነበር ልጆቹ። "በመስኮትም ይጋባል።"

በመጨረሻው ፈተና ዋዜማ ተማሪው ስለ አንድ ባንክና ስለ አንድ ጫማ ፋብሪካ የተማሩትን ሊያጠና ደብተሩ ላይ እንዳቀረቀረ በበሩ ሲያልፍ ዘበኛው ጠራው።

"ወንድሜ፣ በባንኩ አትድከም። የሚመጣው ስለ ጫማ ፋብሪካው ነው።"

"ማን ነገረህ?"

"ዶክተሩን አውቀዋለሁ።"

"አንተ? ዶክተሩን?"

"በር የሚከፍት ሰው የማያውቀው አለ እንዴ?" ብሎ ሳቀ።

በማግስቱ የመጣው የጫማ ፋብሪካው ነበር። ተማሪው ሁለቱንም አንብቦ ስለነበር ሠራው። ግን አንጀቱ አረረ። ለእሱ በነፃ የሰጠውን ለሌሎቹ በስንት ሸጦት ይሆን? አንደኝነቱ በዘበኛ ሊወሰድበት ነው። በቀጥታ ወደ ዳይሬክተሯ ቢሮ ሄደ።

"ፈተና ይሰርቃል ነው የምትለኝ?" አለች።

"ሌላ ከየት ያመጣዋል? ዘበኛ እኮ ነው!"

ዳይሬክተሯ በመስኮቱ ወደ በሩ ተመለከተች።

"እሱስ ልክ ነህ። ዘበኛ ነው።" ከዚያ ብዕሯን አነሳች። "ለመሆኑ አባትህ የምን ድርጅት ነው ያላቸው?"

"አባት የለኝም። እህቴ ናት ያሳደገችኝ።"

"አጎት? የሚያውቅህ ባለሀብት?"

"ማንም የለኝም።"

"ጥሩ" አለችና አንድ ነገር ጻፈች። "ማለቴ... አይዞህ። ሰውየው ዛሬውኑ ይሰናበታል። እንኳን ነገርከን።"

የዘበኛው ዕቃ አንዲት ፌስታል አልሞላም። የሚያብለጨልጨውን ነገር ከሚስማሩ ላይ አውርዶ ኪሱ ከተተ። ተማሪውን በሩ ላይ ሲያገኘው አልተሳደበም።

"የግራው ጥግ ያፈሳል" አለው። "ዝናብ ሲመጣ ወንበሩን ወደ ቀኝ ሳብ ነው።"

"እኔን ምን አገባኝ?"

"እንዲያው ነው። ደህና ሁን።"

ተማሪው፣ ድንጋጤ ጭንቅላቱን ሳይነካው አልቀረም ብሎ አሰበ። ትንሽም አዘነለት፤ አንደኛ የሚወጣ ሰው የሚያዝነውን ያህል።

አንደኛ ወጣም። ዳይሬክተሯ የዓመቱን ብቸኛ ሜዳሊያ በሰማያዊ ሪባን አንገቱ ላይ አጠለቀችለት። እህቱ በውሰት ጫማ ቆማ መዳፏ እስኪቀላ አጨበጨበች።

በሳምንቱ ሠላሳ አንዱ ጓደኞቹ ምክትል ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። እሱ ማመልከቻ በተነ። የሄደበት መሥሪያ ቤት ሁሉ "እንደውልልሃለን" ብሎ በትህትና ሸኘው። ስልኩ ግን ጭጭ አለ።

"ስንት ቀን ቀረን?" ትለዋለች እህቱ፣ መርፌ የወጋውን ጣቷን እየጠባች።

"ገና ነው፣ እትዬ።"

"ገና ነው ስትል ሁለት ወር አለፈ እኮ።"

በሰማንያ ስምንተኛው ቀን ስልኩ ጮኸ። ከትምህርት ቤቱ ነበር።

"ሥራ አለ። ቋሚ ነው። የኮትህን ልክ ንገረን።"

እህቱ አጠገቡ ቆማ ትሰማ ነበር።

"ኮት ሊያሰፉልህ?" አለች በኩራት ተቆጥታ። "እኔ እያለሁ?"

"ትልቅ ቦታ ቢሆን ነዋ፣ እትዬ። ተይ አታልቅሺ።"

"የስፌት መኪናዬን ሰው ሳይቀድመን ሄደን እንግዛ።"

"ከነገ ወዲያ። ነገ ሥራ ልግባና።"

በማግስቱ ጠዋት ሜዳሊያውን በጥበቃ ቤቷ ሚስማር ላይ ሰቀለ፣ ወንበሩን ወደ ቀኝ ሳበ፣ ለዳይሬክተሯ መኪና በሩን ከፈተ፤ ከሠላሳ ሁለቱ እዚያ የቀረው እሱ ብቻ ነበር።