ሸሪዓው ይፍረድ

አባቱን ቀብሮ አፈሩ ሳይደርቅ የውርስ ነገር አነሳ። ታላቅ እህቱ ሩቅያ፣ "ወንድምዓለም፣ ቃዲ ዘንድ ምን ወሰደን? ቤታችን ሆነን ተስማምተን እንካፈል" ብላ ብትለምነው፣ "የሴት ድርሻሽን ይዘሽ ውልቅ ትያለሽ!" ብሎ አመናጨቃት።

ቃዲው ፊትም በጄሶ የታሰረ እጁን እያወናጨፈ ጮኸ።

"ሽምግልና አልፈልግም! ሸሪዓው ያለው ብቻ ይፈጸም!"

"እሺ ልጄ" አሉ ቃዲው። "ሸሪዓው ገዳይን አያወርስም፤ በስህተት የገደለም ቢሆን። አባታችሁ የሞቱት በመኪና አደጋ ነው አይደል?"

"አዎ፣ መኪናችን ተገልብጣ።"

"ማን ነበር የሚነዳው?"

ጄሶውን ብብቱ ስር ሸጎጠ።

ሩቅያ አንገቷን ደፋች። "ይህን እንዳትጠየቅ ብዬ ነበርኮ የለመንኩህ" አለችው።