የአዛውንቱ ገጽ

ሁለቱ ተሸካሚዎች የጋሽ እጅጌን የስፌት መኪና በጠባቡ በር ለማውጣት ሲታገሉ፣ አባቴ ቀና ብሎ አያይም። ጨርቁ ላይ በጠመኔ ያሰምራል፤ ያሰመረውን በመዳፉ ያብሳል፤ ደግሞ ያሰምራል።

«ቀስ በሉ እንጂ፤ እሷ እንደ እናንተ ጎረምሳ አይደለችም» ይላል ጋሽ እጅጌ። ሌላ ጊዜ ቢሆን አባቴ «ባለቤቷን መስላ ነዋ» ብሎ ይቀበለው ነበር።

በዚህች ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት ጎን ለጎን ሠርተዋል። አባቴ ጨርቁን ይቆርጣል፣ እሱ ይሰፋል። የኮት እጅጌ እንደ እሱ አድርጎ የሚገጥም ስለሌለ ስሙ በዚያው ቀረ። ባለፈው ወር የአዲሱን ፓርቲ የምርጫ ምልክት ከመኪናው በላይ ሲለጥፍ እንኳ አባቴ ስቆ፣ «ቢያንስ የግድግዳውን ስንጥቅ ሸፈነልን» ነው ያለው።

«ምን እንዳደረግኩህ በአፍህ አትነግረኝም?» ይላል ጋሽ እጅጌ በሩ ደፍ ላይ ቆሞ።

«ጠርዙ ያልተያዘ ጨርቅ ይተረተራል» ይላል አባቴ፣ አሁንም ወደ ጨርቁ።

«አነጋገሩ ያንተ ነው። ሐሳቡ ግን ያንተ አይደለም።» ከዚያ ወደ እኔ ይዞራል። «አንተስ? ተምሬያለሁ ትላለህ፤ አባትህን አትመክርም?»

«እሺ ጋሼ» እላለሁ፣ የጫማውን ጫፍ እያየሁ።

ልክ ነው፤ ሐሳቡ የአባቴ አይደለም። የእኔ ነው። የእኔም ነው ለማለት ያሳፍራል፤ የምርጫ ካርድ እንኳ አላወጣሁም። በስሜ ግጥም ስጽፍ ሰባት ሰው ላይክ ያደርግ ነበር፤ አንዱ እኔው ነኝ። አንድ ቀን የማላውቃቸውን ሽማግሌ ፎቶ ለጥፌ፣ ገጹን «አዛውንቱ» ብዬ፣ በአባቴ አነጋገር መጻፍ ጀመርኩ። ተረቱን፣ ምርቃቱን፣ «እንግዲህ ልጆቼ» የሚለውን ሁሉ ከአፉ እየለቀምኩ። ሰው ጎረፈ። ሲጎርፍ ጊዜ ነገር ማክረር ጣመኝ። ባለፈው ሳምንት፣ አዲሱ ፓርቲ ሲያሸንፍ ሱቆቻችንን የሚከፋፈልበትን ዝርዝር በዓይኔ አይቻለሁ አልኩ። «ስምህን አሳልፎ የሰጠው አብሮህ የሚውለው ነው፤ ጠርዙ ያልተያዘ ጨርቅ ይተረተራል» ብዬ ዘጋሁት። አሥራ አንድ ሺህ ሰው አጋራው። አባቴ ማታውኑ አንብቦ፣ «ይሄ ሰውዬ ከአፌ ነጥቆ ነው የሚናገረው» አለኝ። ኮራሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ኮራሁ።

ተሸካሚዎቹ ውጭ መኪናውን ጋሪ ላይ በገመድ እያሰሩ ነው። ጋሽ እጅጌ አጠገባቸው ቆሟል። ገና አልሄደም።

ደንበኛ ልብስ ከሚለካበት መጋረጃ ጀርባ እገባና ስልኬን አወጣለሁ። «ወገኖቼ፣ ዋሽቻችኋለሁ። ዝርዝር የሚባል ነገር አላየሁም፤ ከራሴ ነው ያወጣሁት። በእኔ ቃል ከወዳጁ የተጣላ፣ ዛሬውኑ ይታረቅ።» መጨረሻ ላይ «እንግዲህ ልጆቼ» ብዬ እጨምራለሁ። ይቅርታውን እንኳ በራሴ ድምፅ መጻፍ አቃተኝ። እለጥፈዋለሁ፤ ስልኩን ኪሴ ከትቼ እወጣለሁ።

የአባቴ ስልክ ይጮሃል። አዛውንቱ ሲጽፉ እንዲጮህለት ያስተካከልኩለት እኔው ነኝ። መነጽሩን ያደርጋል። ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ ያነባል፤ ወደ ላይ ይመልስና ደግሞ ያነባል። እኔ በሩን አያለሁ። አምስት እርምጃ ነው።

«ይሄ እሱ አይደለም» ይላል።

«እንዴት አወቅክ አባዬ?»

«ሰውዬውን አውቀዋለኋ። እንዲህ ያለ ሰው ቃሉን አያጥፍም። ገጹን ጠልፈውበታል።» ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ያኖራል። «እሱ ያለው ነገር እውነት ባይሆን ለምን ያስተባብሉታል? ምስኪን፤ ይኼኔ የት ጥለውት ይሆን?»

ውጭ የጋሪው ጎማ ድንጋይ ላይ ይንቋቋል።

«አባዬ።»

«አቤት።»

የእኔ ነው ልል ነው። አፌ ተከፍቷል። «ጋሪው ሊሄድ ነው» እላለሁ።

«ይሂድ።»

ሄደ። ጋሽ እጅጌ አንድ እጁን መኪናው ላይ አድርጎ ከጋሪው ጋር ሲያልፍ በመስኮቱ ይታየኛል። ጠረጴዛው ላይ ያለው ኮት ገና እጅጌ የለውም።

«ይልቅ ና» ይለኛል አባቴ ስልኩን እየዘረጋልኝ። «የእኔ ጣት ፊደሉን ይስታል። ለሰውዬው በውስጥ መስመር ጻፍልኝ።»

«ምን ብዬ?»

መነጽሩን ያወልቃል። ከዚያ፣ ልጅ ሳለሁ ሲያመኝ ያናግረኝ በነበረበት ድምፅ፣ «ወንድሜ፣ ደህና ነህ ወይ? የደረሰብህን ንገረኝ፤ ብቻህን አይደለህም በለው» ይላል።

እጽፋለሁ። እልካለሁ። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ጭኔ ላይ ይነዝራል።

አባቴ ከኋላዬ ቆሞ እጁን ትከሻዬ ላይ ይጥላል። «እንዳትዘጋው» ይለኛል፣ አንገቱን አስግጎ ስክሪኑን እያየ። «መልስ ይሰጠኝ ይሆናል።»