ያበርታህ

ይታገሱ እንጨት ቤት ሲሠራ ግራ እግሩን መጋዝ በላበት። የሠራተኞች የጤና መድን ምትክ እግር በነፃ ሰጠው፤ ደረጃ የሚወጣ፣ ቁልቁለት የሚወርድ፣ የሚናገር ግሩም እግር። አንድ ክፉ አመል ብቻ አለው። የተሰጠው ለሥራ ስለሆነ፣ ጌታው ሥራ ላይ ካልሆነ ጉልበቱን ቆልፎ ይገተራል። ሥራ ላይ መሆኑን የሚያውቀው ደግሞ ሰው «ያበርታህ» ሲለው ሰምቶ ነው። ሥራ ፈትን ማን ያበርታህ ይለዋል?

ስለዚህ የቤቱ ኑሮ ሁሉ በያበርታህ ሆነ። ምሳ ሲደርስ ሚስቱ ስንዱ ከጓዳ «ያበርታህ!» ትላለች፤ ተነሥቶ ይመጣል። እሷ ገበያ ከሄደች በመስኮት ጎረቤት ይማጸናል።

«እትዬ የሺመቤት፣ በእናትዎ ያበርታህ ይበሉኝ!»

«ምን እየሠራህ ነው?»

«ሽንት ቤት ልሄድ ነው!»

«እሰይ የኔ ልጅ፣ ያበርታህ!»

ዛሬ እሑድ ነው። ይታገሱ ፍራሽ ላይ ተቀምጦ ሳለ፣ እስካሁን አፏን ያልፈታችው ልጁ እየዳኸች መጥታ የብረት እግሩን ያዘች። ዐይን ዐይኑን እያየች፣

«አበታ» አለች።

ስንዱ እልልታዋን አቀለጠችው። «ሰማህ? አባቴ አለችህ! አፏን በአንተ ፈታች!»

«እኔን? አባቴ?» እንባው ግጥም አለ። ሊያቅፋት ጎንበስ ሲል፣ የብረት ጉልበቱ ቀጭ ብሎ ተፈታ።

«መልካም የሥራ ሰዓት» አለ እግሩ።