የጋቢናው ወንበር

ሾፌሩ ወሰኔ የአለቃውን መኪና ጋራዥ አስገባ። «አሥራት ወንድሜ፣ በኤሌክትሪክ የሚሄደው የጋቢና ወንበር ተጣብቋል። የአሰብ ጨው ሰውም መኪናም ይበላል!»

መካኒኩ አሥራት እንደ ልማዱ ባትሪውን አውርዶ መሬት ላይ አስቀመጠ፤ የወንበሩን ሐዲድ በናፍጣ አጥቦ ግራሶ ቀባው። ወንድሙ ተክለጻድቅ የጠፋ ጊዜ ወሰኔ ድንኳን ውስጥ አብሮት አልቅሷል፤ «ያን ቀን በዚህ መኪና አላሳፈርኩትም» ብሎ በገብርኤል ምሏል።

ባትሪው መሬት ላይ እንዳለ ወንበሩ እያጉረመረመ ወደ ኋላ ተንሸራተተ፤ እግረ ረጅሙ ተክለጻድቅ ይወደው እንደነበረው ጥግ ድረስ ሄዶ ቆመ። መቀመጫው ሰው እንዳለበት ሰረጎደ።

ወሰኔ አሥራትን ረሳው። «ተክሌ፣ በማርያም! እኔኮ አለቃዬ አድርሰው ብሎኝ ነው» አለ።

የሰረጎደው መቀመጫ፣ ሰው ሲነሣለት እንደሚሆነው፣ ቀስ ብሎ ሞላ። በሩ ተከፈተ።