ስህተት የማያውቀው ሥርዓት

ሊቁ ጠዋት ቢሮ ሲገባ ሰላምታ አያስቀድምም። ቦርሳውን ጠረጴዛው ላይ ወርውሮ “ያ ነገር ሞተ!” ይላል።

ያ ነገር የሚለው፣ በቅርቡ ራሱ አምጥቶት ክፍሉ በሙሉ ወዶም ሳይወድም የተማረውን የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ነው። አሁን የተሻለ መጥቷል። የተማሩትን ረስተው እንደገና ሀ ብለው ሊጀምሩ ነው።

ሊቁ የሚለውን ስም ያወጡለት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው። ለሽሙጥ ነበር፤ እሱ ለምስጋና ወሰደው።

ክፍሉ ለአንድ ትልቅ ሆስፒታል የሕመምተኞችን ቀጠሮ የሚይዝ ሶፍትዌር ይሠራል። ሊቁ ኃላፊ ሆኖ ከመጣ ወዲህ ሶፍትዌሩን ደጋግሞ ከመሠረቱ አፍርሶ ጽፎታል። የተጠናቀቀውን ሶፍትዌር ሆስፒታል ወስዶ መጫን ግን አይመለከተውም። “ገመድ መሰካት ለእኔ አይደለም” ብሎ ሥራውን ለቅርስ ጥሎላታል።

ቅርስ የክፍሉ አንጋፋ ናት። ይህን ስም ደግሞ ያወጣላት እሱ ነው። የድሮውን ሶፍትዌር የጻፈችው እሷ ነበረች። ዕድሜዋ እናቱን ያክላል፤ “አንቺ” ይላታል።

“ዓለም ጥሎሽ ነጎደ እኮ!” አላት አንድ ቀን፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

“ይንጎድ። ሲደርስ ይደውልልኛል” አለችው፣ ዓይኗን ከኮምፒውተሯ ሳትነቅል። ቀጥላም “ይሄኛውን ልጫነው ወይስ እሱም ሊሞት ነው?” ስትል ጠየቀችው።

“አንቺ እስክትደርሺማ ይሞታል!” አለና ከት ብሎ ሳቀ። ሌሎቹም ሳቁ። ኃላፊ ሲስቅ አለመሳቅ ያስጠይቃል።

ግድግዳው ላይ ሰፊ ስክሪን ተሰቅሏል። አዲሱ ሶፍትዌር ያለበትን ሁኔታ በአረንጓዴ ያሳያል፦ “ስህተት፦ ዜሮ”። ሊቁ እንግዳ ሲመጣ ቀጥታ ወደዚያ ይወስደዋል። “ከተጠቃሚ አንድም ቅሬታ ደርሶን አያውቅም” ይላል፣ ሁለት እጁን ኪሱ ከቶ። እንግዶቹ በአድናቆት ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

ሊቁን እንቅልፍ የነሳው ዕቃ ቤቱ ነው። እዚያ፣ በተሰባበሩ ወንበሮች መሀል አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ሲያጓራ ይውላል። ቅርስ በየዕለቱ ትገባና በሩን መለስ ታደርጋለች። እሱ ብቅ ካለ ስክሪኑን ታጠፋለች። አንድ ቀን ደግሞ በስልክ ስታንሾካሹክ ሰማት።

“አይዞሽ፣ እኔ አለሁ። ለእሱ ብቻ እንዳትነግሪው።”

ሊቁ ነገሩ ገባው። ወይም የገባው መሰለው። ሴትዮዋ የሕመምተኞችን ምስጢር አውጥታ ትሸጣለች። ሄዶ ለሥራ አስኪያጁ ነገረው።

ሥራ አስኪያጁ ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ። “እሷን ተዋት። አንተ አዲሱን ሥራህን ሥራ” አለው።

ሊቁ በልቡ ሥራ አስኪያጁንም ካረጁት ተርታ መደበው። ሰውየው ለሥራ ጉዳይ ከከተማ በወጣ ማግስት ጠዋት ክፍሉን በሙሉ ዕቃ ቤቱ በር ላይ ሰበሰበ።

“እዚህ ውስጥ ምን እንደምትሠሪ ለሁሉም ንገሪያቸው” አላት።

ቅርስ ግንባሯ ላይ የሰቀለችውን መነጽር አወረደች። “አንተ ልጅ፣ ከዚያ ዞር በል።”

“ልጅ አትበዪኝ!”

“እሺ ጌታዬ፣ ዞር ይበሉልኝ። ሰው አለበት።”

“ሰው? አቧራና ሸረሪት ነው ያለበት!” አለና ጎንበስ ብሎ ገመዱን ከግድግዳው ነቀለው።

ሲያጓራ የኖረው ኮምፒውተር ጸጥ አለ። ቅርስ፣ ደመናው ሲጠቁር ቆርቆሮውን ከገዛ ጣሪያው የሚነቅል ሰው እንደምታይ ሁሉ አየችው።

ሊቁ ሁሉንም ይዞ ወደ ትልቁ ስክሪን ተመለሰ። አረንጓዴው እንዳለ አለ። ስህተት፦ ዜሮ።

“አያችሁ?” አለ፣ ደረቱን ነፍቶ። “ሥርዓታችን ነቅነቅ አላለም! ይህን ያህል ጊዜ ያንን ቁራጭ ብረት ስትጠብቅ የኖረችው ለገዛ ጉዳይዋ ነው።” ወደ እሷ ዞረ። “ዕቃሽን ሰብስቢ።”

ሰበሰበች። ኩባያዋን፣ ሹራቧን፣ የልጅ ልጇን ፎቶ። ሲስቁ ከነበሩት ውስጥ አንዱ እንኳ ቀና ብሎ አላያትም። የጫማውን ክር የሚያስር፣ ባዶ ስክሪን ላይ የሚያፈጥ፣ ሳይጠማው ውኃ የሚጠጣ፤ ሁሉም በአንዴ ሥራ በዛበት።

በሩ ጋ ስትደርስ የሊቁ ስልክ ጮኸ። የደወለችው የሆስፒታሉ የቀጠሮ ክፍል ኃላፊ ነበረች። ሊቁ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

“ኧረ በእናታችሁ! ስክሪኑ በሙሉ ድርግም አለብን። ወረፋው ከበር አልፎ መንገድ ደርሷል። ዛሬ ቀዶ ጥገና የሚገቡት እነማን እንደሆኑ እንኳ ማየት አልቻልንም። እሷ የለችም እንዴ?”

ሊቁ ለባልደረቦቹ ጥቅሻ ሰጣቸው። ጉሮሮውን ጠረገና ለሕፃን ፊደል እንደሚያስቆጥር ሰው ቃላቱን አንድ በአንድ እየለየ ተናገረ።

“አይደንግጡ እመቤቴ። የጠፋው ያረጀው ነው፣ እኔው ነኝ ያጠፋሁት። እሱን ይዝጉትና ከዛሬ ጀምሮ በአዲሱ ብቻ ይሥሩ።”

ከወዲያ ማዶ የሰው ጫጫታ ተሰማ። አንድ ሕፃን ያለቅሳል፤ አንድ ሽማግሌ ከንጋት ጀምሮ መቆማቸውን ይናገራሉ። ሴትዮዋ ድምጿን ከጫጫታው በላይ ከፍ አደረገች።

“የቱን አዲስ?”