የጁምዓ ኔትወርክ

ሠላሳ ስምንት በመቶ። ሩፈይዳ ስልኩን የመስጊዱ አጥር ድንጋይ ላይ አቁማ እጇን ሰበሰበች። ከነካችው የሚቆም ይመስላታል።

ከሊሙ ገነት በላይ ባለችው በዚህች መንደር ኔትወርክ የሚሮጠው በሳምንት አንዴ ነው፤ ጁምዓ፣ ወንዱ ሁሉ ስልኩን አጥፍቶ መስጊድ ሲገባ። በሌላ ቀን አንድ ፎቶ ለመላክ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ሼህ ሙሐመድሳኒ የጁምዓውን ስብከት፣ ኹጥባውን፣ ሲጀምሩ ግን የታፈነ ቧንቧ እንደተከፈተ ይለቀቃል። ሼሁ ደግሞ ንግግር ይወዳሉ፣ ዕድሜ ይስጣቸው፤ ከሰባት ተኩል በፊት ጨርሰው አያውቁም።

የእሷም ቀነ ገደብ ሰባት ተኩል ነው። አዲስ አበባ ለነርስነት ነፃ ትምህርት አመልክታለች፤ የቀራት ራሷን ያስተዋወቀችበትን የአምስት ደቂቃ ቪዲዮ መላክ ብቻ ነው። «ላኪ» የሚለው መልእክት የወጣው ረቡዕ ሲሆን እሷ ጋ የደረሰው ግን ዛሬ ጠዋት፣ የጅማው መኪና ከሄደ በኋላ ነበር። የአክስቷ ልጅ ሱሀይላ ጅማ፣ ጊንጆ ሰፈር ነው የምትኖረው፤ ቤታቸው ድረስ ፋይበር ገብቷል። እሷም አመልክታ ነበር፤ ቪዲዮዋን ረቡዕ ዕለት እራት እየበላች ልካ ጨርሳለች። አምና የሩፈይዳ ሰማንያ ሦስት ላይ ሰዓቱ አለፈበት። ከዘንድሮ በኋላ ደግሞ ዕድሜዋ አይፈቅድላትም።

ስድሳ አራት።

አንዲት ጠብታ እጇ ላይ አረፈች። ቀና ስትል ጠዋት ጥርት ብሎ የነበረው ሰማይ ጠቁሯል። ወሩ ኅዳር ነው፤ የመንደሩ ቡና ሁሉ ማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቷል። የእነሱም ሁለት አልጋ ከኮረብታው ጀርባ አለ። ፀሐዩን ተማምና የመሸፈኛውን ፕላስቲክ ከሥሩ አጣጥፋ ትታው ነው የመጣችው። ቤታቸው ውስጥ ከእሷና ከአባቷ ከሸኩር በቀር ሰው የለም፤ አባቷ ደግሞ መስጊድ ናቸው።

የመስጊዱ ቆርቆሮ መንጣጣት ሲጀምር ሼሁ ንግግራቸውን ቆረጡ። መብራት ከማክሰኞ ጀምሮ ስለሌለ ድምፅ ማጉያው አይሠራም፤ የምትሰማቸው በመስኮት ነው። ወዲያው ሶላት ተቆመ። ሰባት ሰዓት ከአምስት። ረጅም የቁርኣን ሱራ እንዲይዙ አላህን ለመነች። ሼሁ «ቁል ሁወላሁ አሐድ» አሉ። አራት አንቀጽ። ለሁለተኛው ዙር ስግደት፣ ለረከዓው፣ ከዚያም የምታጥረውን «ከውሠር»ን ያዙ። ሱራ አጠረ ብላ የተናደደች እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም ብላ አሰበችና አላህን ምሕረት ለመነች፤ አስተግፊሩላህ አለች።

ወንዶቹ ጫማቸውን እየፈለጉ ወጡ። እጅ ሁሉ ኪስ ገባ። አንድ ስልክ ተከፍቶ ዜማውን አሰማ፤ ሌላው ተከተለ። ስልኳ ላይ የመላኪያው መስመር ባለበት ቆመ። ሰማንያ ሦስት።

ወንዶች ከመስጊድ ሲወጡ ሴት በር ላይ አትገተርም። ሩፈይዳ ሄዳ በሩ ላይ ቆመች።

«ስልካችሁን አትክፈቱ፣ በአላህ ይዣችኋለሁ። የከፈታችሁም ዝጉት። ለትምህርቴ ቪዲዮ እየላክሁ ነው፣ እናንተ ስትከፍቱት ይቆምብኛል።»

ጅብሪል፣ የመንደሩ ባለ ብዙ ቡና፣ ስልኩን እንደያዘ ቀረባት። «ኤጋ፣ እንግዲህ ልጄ፣ ሃያ አልጋ ቡና ሜዳ ላይ አለኝ። ቤት ካልደወልሁ ማን ይሸፍነዋል? አንቺ?»

እውነቱን ነው። ቡና እርጥበት ከገባበት የዓመት ልፋት ከንቱ ይቀራል።

አባቷ አንድ ጫማ አጥልቀው ሌላውን በእጃቸው እንደያዙ ሰው እየገፉ መጡ። «ሰው ፊት ምን ሆነሽ ነው፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ?»

«አባ፣ አሥራ ሰባት በመቶ ነው የቀረው። አምናም እዚሁ ላይ ነው የቀረብኝ።»

«ምን ያህል ይፈልጋል?»

«ስልክ ካልተከፈተ አሥር ደቂቃ።»

ሰማዩን አዩ። ከዚያ ወደ ጅብሪል ዞሩ። «አባትህ ስልክ ነበራቸው?»

«አሁን ይሄ ምን ይሉታል ሸኩር—»

«ቡናቸውን ዝናብ በላባቸው?»

መልስ አልጠበቁም። በር ላይ እንደቆሙ ባዶ እጃቸውን አፋቸው አጠገብ አድርገው ወደ ሸለቆው ተጣሩ። «ቡነ ሀጉጋ! ቡና ሸፍኑ!»

ከዚያ ከታች የአንዲት ሴት ድምፅ ተቀበለና ለቀጣዩ ቤት አቀበለ። ከመስጊዱ ሁለት ሽማግሌዎች አገዙ። ጅብሪል ስልኩን አጠፋና እየተነጫነጨ ጮኸ፤ ሃያ አልጋ ያለው ሰው ነውና ድምፁ ከሁሉም በለጠ። ሸለቆው ውስጥ ሴቶች ሲሮጡ፣ ነጭ ፕላስቲክ አንድ በአንድ ሲዘረጋ ታየ።

ሩፈይዳ ወደ አጥሩ ተመልሳ ስልኩን በሻርፗ ከልላ ተቀመጠች። ሰማንያ ስምንት። ዝናቡ ወረደ። ዘጠና አራት። አንዱ ወጣት እጁን ወደ ኪሱ ሲልክ አባቷ ዓይናቸውን ጣሉበት፤ እጁን መለሰ። ዘጠና ዘጠኝ ላይ ቆሞ ቆሞ ሊገድላት ሆነ። ሰባት ሰዓት ከሃያ ሰባት ላይ «ተልኳል» አለ።

«አባ፣ ሄደልኝ» አለች።

አልሰሟትም። አሁንም ወደ ሸለቆው፣ ወደ ሰው ቡና ይጣራሉ። ያኔ ከኮረብታው ጀርባ ያለው የራሳቸው ቡና ትዝ አላት። የአባቷ ድምፅ እዚያ አይደርስም፤ ቢደርስም ሰሚ የለም። እሳቸው ይህን ቀድመው ያውቁ ነበር፤ አንዴም ወደዚያ አልዞሩም። ቆባቸው ርሶ ግንባራቸው ላይ ተጣብቋል፣ አንዱ ጫማ እስካሁን በእጃቸው ነው፣ ውኃ ሞልቶበታል።