የማያስለቅስ ሻምፑ

አረፋ ማለት በስስ የሳሙና ቆዳ ውስጥ የታሰረ አየር ነው። ክብደት የለውም፤ ሰው ግን ሳሙናን የሚመዝነው በእሱ ነው።

የሻምፑ ቀማሚው መከራ ከዚህ ይጀምራል። የሕፃናት ሻምፑ የሚሠራበት፣ ከኮኮናት ዘይት የሚገኘው ለስላሳ አጣቢ አረፋው ጥቂት ነው። እናቶች «ይሄማ ውሃ ነው» እያሉ ሸሹት። ርካሹ አጣቢ ግን እንደ ወተት ይገነፍላል፤ ዓይንም ያቃጥላል።

ከወር በፊት አንድ በርሜል ርካሽ አጣቢ ወርክሾፑ ገባ።

«ለወለል ማጽጃ ነው» አለ ቀማሚው።

ሚስቱ በርሜሉን አየችው፤ ባሏን አየችው።

የአንድ ሆስፒታል ማዋለጃ ክፍል ዕቃ ገዢ የመጣች ዕለት ተስፋቸው እሷ ብቻ ነበረች። ካልገዛች ወርክሾፑ ይዘጋል። ገዢዋ ግን በአገጯ በርሜሉን ጠቆመች።

«ወንድሜ፣ ያ ምንድን ነው?»

«የወለል ነው፣ እትዬ።»

«ሁለት ክፍል ናት ያለቻችሁ። ለየትኛው ወለል?»

ቀማሚውን ላብ አጠመቀው። ሻምፑው የተመረመረበት የላቦራቶሪ ውጤት የሚደርሰው በማግስቱ ነው፤ ግዢው የሚዘጋው ግን በዚያው ዕለት። በዚህ ሙያ ደግሞ ከወረቀት በፊት የሚታመን አንድ ፈተና አለ፤ ሻጭ የገዛ ልጁን በገዢ ፊት ያጥባል።

«ልጁን አምጪው» አለ ሚስቱን።

«አሁን?»

«አሁን ነዋ! ቢያለቅስ አለቀልን።»

«እሺ፣ ጡት ላጥባው። ሲርበው ያስቸግራል።»

ወደ ጓዳ ገባች። ግማሽ ሰዓት አለፈ።

«የምታጠባው ልጅ ነው ጥጃ?» አለች ገዢዋ። «ወንድሜ፣ ሚስትህም ፈርታለች መሰለኝ።»

ቀማሚው ውሃ በሳፋ ቀዳ።

በመጨረሻ ሚስቱ የስምንት ወሩን ልጅ አቅፋ ወጣች። ቀማሚው የልጁን ራስ በሻምፑ አሸው፤ ውሃው በግንባሩ አልፎ ወደ ዓይኑ ወረደ። ሕፃኑ አንዴ አዛጋ። አላለቀሰም።

ገዢዋ ለስላሳ ጉንጩን ዳሰሰች።

«ወይ ጨዋ ልጅ! ይቅር በሉኝ፣ በከንቱ ጠረጠርኳችሁ።»

ፈረመች። ቀማሚው በደስታ ሚስቱን ሊያቅፍ ዞረ፤ እሷ ግን ልጁን ይዛ ገብታለች።

በማግስቱ የላቦራቶሪው ወረቀት ደረሰ። ሻምፑው ለአራስ ልጅ የሚስማማ፣ የርካሹ አጣቢ ጠብታ እንኳ የሌለበት ነው ይላል።

የተቀበለው ሰው አልነበረም፤ ባልና ሚስቱ ጓዳ ውስጥ የተሰጠው የእንቅልፍ ሽሮፕ የበዛበትን ልጃቸውን ሊቀብሩ ሄደው ነበር።